ኬልሲ በሰው ወርቅ አልደመቀም

ስለ አሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ፣ ስለ ካንሳስ ሲቲ ቺፍሱ ትራቪስ ኬልሲ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። «አንብበኸዋል?» ብለው የላኩልኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንብቤዋለሁ። አማርኛው ያምራል፤ ጸሐፊው ጨዋታውን እንደሚከታተሉም ያስታውቃል። የማልስማማው በመደምደሚያው ነው።

ባጭሩ የሚሉት ይሄን ነው። አንደኛ፣ ኬልሲን ዝነኛ ያደረገችው ፍቅረኛው፣ ዘፋኟ ቴይለር ስዊፍት ናት፤ እሷ ባትኖር ከካንሳስ ሲቲ ውጭ ማንም አያውቀውም ነበር። ሁለተኛ፣ ቁጥሮቹ የራሱ አይደሉም፤ የቡድኑ ኳስ ወርዋሪ የፓትሪክ ማሆምስ ክንድና የቡድን ጓደኛው የነበረው የፈጣኑ ቀላቢ የታይሪክ ሂል ፍጥነት ናቸው። ሦስተኛ፣ የሚጫወትበት ቦታ ታይት ኤንድ ይባል እንጂ የቦታውን ከባድ ሥራ አይሠራም፤ ስለዚህ ከቦታው ታላላቆች ከቶኒ ጎንዛሌዝና ከሮብ ግሮንካውስኪ ጎን ስሙ ሊነሳ አይገባም። አራተኛ፣ ጠባዩ ልክ አይደለም፤ ተሞላቅቆ ያደገ ሰው ነው። አምስተኛ፣ ከ2023 ጀምሮ ጉልበቱ አልቋል፤ ለገንዘብና ለካሜራ ሲል ነው የሙጥኝ ያለው።

ያጣመምኩት ነገር ያለ አይመስለኝም። እንግዲህ አንድ በአንድ እንየው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የኤንኤፍኤል፣ የአሜሪካ ፉትቦል ሊጉ፣ የውድድር ዘመን በሴፕቴምበር ተጀምሮ ሱፐር ቦውሉ፣ የዋንጫው ፍጻሜ፣ የሚደረገው በቀጣዩ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ መሆኑንም ያዙልኝ።

ጨዋታውን ለማያዘወትር ሰው ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ላስረዳ። ኳስ ወርዋሪውን፣ ማለትም ኳርተርባኩን፣ ፊት ለፊቱ የተደረደሩ አምስት ግዙፍ ሰዎች ይጠብቁታል። ታይት ኤንዱ በተለምዶ የሚቆመው በዚያ መስመር ጫፍ ላይ ነው። ሥራው ሁለት ነው። አንዳንዴ እንደ አምስቱ ሰዎች ከ120 ኪሎ በላይ ከሚመዝን ተከላካይ ጋር ደረት ለደረት ይገፋፋል፤ ብሎክ ማድረግ የሚሉት ይሄን ነው። አንዳንዴ ደግሞ ዋይድ ሪሲቨር እንደሚባሉት ፈጣን ተጫዋቾች ሮጦ ኳስ ይቀልባል። ከገፊዎቹ ጋር ሲቆም ቀጭን፣ ከሯጮቹ ጋር ሲቆም ወፍራም ነው። ሁለቱንም አሳምሮ የሚሠራ ሰው በአንድ ትውልድ ውስጥ በጣት ይቆጠራል።

የቴይለርን ጉዳይ ቶሎ እንጨርሰው። ስዊፍት በካንሳስ ሲቲው አሮውሄድ ስታዲየም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው ሴፕቴምበር 24 ቀን 2023 ነው። ቺፍስ ቺካጎ ቤርስን 41 ለ 10 ያሸነፈበት ቀን ነው። ያን ቀን ኬልሲ 11ኛ የውድድር ዘመኑን እየተጫወተ ነበር። ሁለት ሱፐር ቦውል አሸንፏል። ስምንት ጊዜ በተከታታይ ለፕሮ ቦውል፣ ለሊጉ የኮከቦች ጨዋታ፣ ተመርጧል። በ2016፣ በ2018፣ በ2020 እና በ2022 የሊጉ ምርጥ ታይት ኤንድ ተብሎ በኦል ፕሮ አንደኛ ቡድን ውስጥ ገብቷል። አንድ ታይት ኤንድ በአንድ መደበኛ የውድድር ዘመን ኳስ ቀልቦ ያስመዘገበው ከፍተኛ ርቀት፣ 1,416 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል)፣ ከ2020 ጀምሮ በእሱ ስም ነው። ስታዲየም ረግጦ የማያውቅ ሰው አያውቀውም ነበር ከተባለም፣ ታዋቂውን የቴሌቪዥን ኮሜዲ ዝግጅት «ሳተርደይ ናይት ላይቭ»ን የመራው በማርች 2023 ነው። ገና ከቴይለር ጋር ስሙ ሳይነሳ ማለት ነው።

እርግጥ ዝናው ከዚያ በኋላ ሌላ መልክ ያዘ። በዚያ ሰሞን የማልያው ሽያጭ ወደ 400 በመቶ ገደማ መዝለሉ ተዘግቧል። የቀለበታቸው ዜና በኦገስት 2025 ሲሰማ ደግሞ ኳስ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ስለ እሱ አወሩ። አክስቴም ኬልሲን የምታውቀው በቴይለር ነው። ግን የአንድ ተጫዋች ሕይወት የሚለካው አክስቴ በሰማችበት ቀን ከሆነ፣ የፉትቦል ታላላቆች ስም በሚቀመጥበት የክብር አዳራሽ ላሉት ለብዙዎቹ እዘንላቸዋለሁ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ እዚያ ላይ ነው የተደገፈው።

ማሆምስ ትልቅ ተጫዋች ነው። ኬልሲ ያለ እሱ ሦስት ሱፐር ቦውል ያሸንፍ ነበር ብሎ የሚከራከር ካለ እኔ አይደለሁም። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም። የጸሐፊው አባባል ግን ከዚህ ያልፋል፤ «ማንም ሰው በእሱ ቦታ ቢቆም ያንኑ ይሠራ ነበር» ነው የሚሉት። ይሄ ደግሞ ሊፈተን የሚችል አባባል ነው። ማሆምስ ያልነበረበትን ጊዜ ማየት ነው።

በ2016 የቺፍስ ኳስ ወርዋሪ አሌክስ ስሚዝ ነበር። ስሚዝ ጠንቃቃ ሰው ነው። ኳስ ከሚነጠቅ አጭሯን አቀብሎ ቢያድር ይመርጣል። ለቀላቢ ቁጥር የሚያዋጣ ኳርተርባክ አይደለም። ከእሱ ጋር ኬልሲ 85 ኳስ ቀልቦ 1,125 ያርድ አስመዘገበ። በዚያ ዓመት ከሊጉ ታይት ኤንዶች ሁሉ አንደኛ ነበር። ማሆምስ ያኔ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በ2017 ኬልሲ በድጋሚ 1,038 ያርድ ሠራ። ማሆምስ በዚያ ዓመት ቡድኑን ቢቀላቀልም ጨዋታ የጀመረው አንዴ ብቻ ነው። እንግዲህ ከ2016 እስከ 2022 ሰባት ዓመት በተከታታይ ከ1,000 ያርድ በላይ አስመዝግቧል፤ ይሄን ያደረገ ሌላ ታይት ኤንድ የለም። ከሰባቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የማሆምስ አይደሉም።

ታይሪክ ሂልስ? ሂል በማርች 2022 ወደ ማያሚ ተሸጠ። በጸሐፊው ሂሳብ ከሄድን ኬልሲ በዚያ ዓመት መውደቅ ነበረበት። ሜዳውን የሚከፍትለት ሰው ሄዷላ! የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። 110 ኳስ፣ 1,338 ያርድ፣ 12 ተችዳውን (ኳሷን እስከ ሜዳው መጨረሻ አድርሶ ነጥብ ማስቆጠር ነው)። በቀለበው ኳስም በተችዳውንም ከመደበኛ የውድድር ዘመኖቹ ሁሉ ከፍተኛው። ከእሱ ቀጥሎ የነበረው የቡድኑ ቀላቢ 933 ያርድ ነው የሠራው። ከማሆምስ ክንድ የሚወጣው ኳስ ለሁሉም እኩል ነበር። ቺፍስም ዋንጫውን በላ።

ታዲያ ሚስጥሩ ምንድን ነው? ጽሑፉ ይሄን ጥያቄ ጭራሽ አለማንሳቱ ነው የገረመኝ። ኬልሲ በክሊቭላንድ ሃይትስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲጫወት ኳርተርባክ ነበር። ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ሲገባም በዚያው ነው የገባው፤ ወደ ታይት ኤንድ የተዛወረው እዚያ ነው። ስለዚህ ተከላካዮችን የሚያነባቸው እንደ ቀላቢ ብቻ ሳይሆን እንደ ወርዋሪም ነው። ተከላካዩ ሰው በሰው ከያዘው ሽሽት ነው። ቦታ ቦታ ይዘው ከጠበቁት ግን በሁለት ሰዎች መሀል ክፍተቷን ፈልጎ ቀጥ ብሎ ይቆምና ዞሮ ይጠብቃል። በሩጫ ብዙዎች ይበልጡታል። ክፍተቷን ቀድሞ በማየት የሚበልጠውን ግን አላየሁም።

ጃንዋሪ 23 ቀን 2022 የሆነውን ልጥቀስ። ቺፍስ ከቡፋሎ ቢልስ፣ ጥሎ ማለፍ፣ አሮውሄድ። 13 ሰከንድ ሲቀር ቡፋሎ 36 ለ 33 መምራት ጀመረ። ብዙ ሰው በቃ አለቀ ብሎ ነበር። ቺፍስ ኳሷን በራሱ 25 ያርድ ላይ ይዞ ጀመረ። አንደኛዋ ኳስ ለሂል ሄደች፤ 19 ያርድ። ሰዓቱ 8 ሰከንድ ላይ ቆመ። አሁንም ለጎል ምት ሩቅ ነው።

ቀጥሎ የመጣችው ጨዋታ ናት ነገሩን የምትናገረው። የቡፋሎ ተከላካዮች ወደ ዳር መውጫውን ዘግተው፣ ወደ ኋላ ራቅ ብለው ቆመዋል። ለኬልሲ የታዘዘለት ሩጫ ሌላ ነው። እሱ ግን አስቀድሞ ለማሆምስ ነግሮታል፤ እንዲህ ሆነው ከቆሙ የተባልኩትን ትቼ በመሀል ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ ብሎታል። ማሆምስ ኳሷ ሳትጀመር ተከላካዮቹን አየና «አድርገው፣ ኬልሲ!» ብሎ ጮኸ። በልብሱ ላይ የነበረው ማይክ ይሄን ቀርጾታል። ኬልሲ በመሀል ገሰገሰ፣ ኳሷን ቀለበ፣ 25 ያርድ፣ ወዲያው እረፍት ተጠየቀ። 3 ሰከንድ ቀረ። ሃሪሰን በትከር ከ49 ያርድ መትቶ አገባና 36 እኩል ሆኑ። በተጨማሪው ሰዓት ጨዋታውን 42 ለ 36 የዘጋችውን የ8 ያርድ ተችዳውን የቀለበውም ራሱ ኬልሲ ነው።

እስቲ ያቺን ጨዋታ የማሆምስ ብቻ ናት በሉኝ። ሐሳቡ የመጣው ከቀላቢው ነው። ወርዋሪው ያደረገው ማመን ነው፤ ያም ቀላል አይደለም፤ ግን «ማንም ያደርገው ነበር» የሚያሰኝ አይደለም።

ሦስተኛው ነጥብ የሚያዝናና ክርክር አለው። ኬልሲ ብዙ ጊዜ ከመስመሩ ርቆ ነው የሚቆመው፤ ብሎክ በማድረግ አይታወቅም፤ ስለዚህ እውነተኛ ታይት ኤንድ አይደለም ይላሉ።

የመጀመሪያው ክፍል እውነት ነው። ግሮንካውስኪ በዚህ ይበልጠዋል፤ በብዙ ይበልጠዋል። ሰውየው ተከላካይ ገፍቶ ከሜዳ ካስወጣ በኋላ በሚቀጥለው ጨዋታ ተችዳውን ይቀልብ ነበር። በ2011 ብቻ 17 ተችዳውን ቀልቧል። ሁለት ያርድ ቀርቶኝ በሩጫ ልገባ ብል እኔም የምጠራው ግሮንክን ነው።

«እውነተኛ አይደለም» የሚለው ግን ፍርድ አግኝቶ ያለቀ ጉዳይ ነው። በ2014 የኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ተጫዋች የነበረው ጂሚ ግራሃም ከቡድኑ ጋር ተካሰሰ። ቡድኑ በአንድ ዓመት አስገዳጅ ውል ሊያስቀረው ፈለገ። በታይት ኤንድ ሂሳብ ክፍያው 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ በዋይድ ሪሲቨር ሂሳብ ከ12 ሚሊዮን በላይ። ግራሃም «አብዛኛውን ጊዜ የምቆመው ከመስመሩ ውጭ ነው፤ ስለዚህ እንደ ዋይድ ሪሲቨር ክፈሉኝ» አለ። ውሸቱንም አልነበረም፤ ከጨዋታው ሁለት ሦስተኛውን የተሰለፈው እዚያ ነበር። ገላጋዩ ዳኛ ግን ከመስመሩ ትንሽ ርቆ ቢቆምም ታይት ኤንድ ታይት ኤንድ ነው ብሎ ለቡድኑ ፈረደ።

እንግዲህ ጸሐፊውን የምጠይቀው ይሄን ነው። ከመስመሩ ወጣ ብሎ የሚቆመው ሰው ለክፍያ ሲሆን ታይት ኤንድ፣ ለክብር ሲሆን ዋይድ ሪሲቨር የሚሆነው በምን ሕግ ነው? በ2024 ኬልሲ የሁለት ዓመት የ34.25 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲፈርም በቦታው ከፍተኛው ተከፋይ ተባለ፤ በዓመት 17 ሚሊዮን ገደማ። በዚያው ዓመት የሚኒሶታው ዋይድ ሪሲቨር ጀስቲን ጄፈርሰን በአማካይ በዓመት 35 ሚሊዮን ፈረመ። ከግማሽ በታች የሚከፈለው ታይት ኤንድ ስለሆነ ነው።

ጎንዛሌዝም ቢሆን የክብር አዳራሽ የገባው በመግፋት አይደለም። 1,325 ኳስ ቀልቦ፣ 15,127 ያርድ ሠርቶ ነው። የታይት ኤንዶችን የተችዳውን ክብረ ወሰን፣ 116፣ የያዘው አንቶኒዮ ጌትስም በዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ እንጂ ፉትቦል ያልተጫወተ፣ በ2003 ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጡ ማንም ያልመረጠው ሰው ነው። በ2025 አዳራሹ ውስጥ ገብቷል። ብሎክ አድርጎ ስንት ሰው ጣለ ብሎ የጠየቀው የለም።

በጠቅላላ ድምር ጎንዛሌዝ ይበልጣል፤ 17 የውድድር ዘመን ተጫውቶ ሁለት ጨዋታ ብቻ የቀረበት ሰው ነው፣ ይሄን ማን ይደርስበታል? ነገር ግን ጎንዛሌዝ 1,000 ያርድ ያለፈው በአራት የውድድር ዘመን ነው። ግሮንካውስኪም በአራት። ኬልሲ በሰባት፣ ያውም በተከታታይ። ከሁሉም ይበልጣል እያልኩ አይደለም። ያ ክርክር ቡና ላይ ደስ ይላል እንጂ መቼም አያልቅም። ስሙ ከጎናቸው ሊነሳ አይገባም የሚለው ነው የማይሄደው።

ስለ ጠባዩ ረጅም መልስ የለኝም። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024 በሱፐር ቦውሉ መሀል አሰልጣኙ አንዲ ሪድ ላይ ጮኾ፣ ገፍቶ ሚዛኑን ማሳቱ አስቀያሚ ነበር። ሪድ ያኔ የ65 ዓመት ሰው ነበር፤ በየትኛውም አገር ነውር ነው። ኬልሲ ራሱ በኋላ መስመር ማለፉን አምኗል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው።

«ተሞላቅቆ ያደገ» የሚለው ግን ከየት እንደመጣ አላውቅም። በ2010 ሲንሲናቲ ውስጥ የማሪዋና ምርመራ ወድቆ የውድድር ዘመኑን በሙሉ ታግዷል፤ ነጻ የትምህርት ዕድሉንም አጥቷል። ወደ ቡድኑ የተመለሰው ታላቅ ወንድሙ ጄሰን ዋስ ሆኖለት ነው። ጥፋቱ የራሱ ነበር፤ ዋጋውንም ከፍሏል። በ2013 ድራፍት፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ቀን፣ 62 ሰው ከተመረጠ በኋላ ነው ስሙ የተጠራው። ከእነዚያ ውስጥ አራቱ ታይት ኤንዶች ነበሩ። ቺፍስ ከገባ በኋላም ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎ የመጀመሪያ ዓመቱን አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ጨረሰ። ይሄ ሙልቅቅ የሚያሰኝ መንገድ አይደለም።

የቀረው የመጨረሻው ነጥብ ነው፤ የሙጥኝ ብሏል የሚለው። ገንዘቡን እንይ። በኦገስት 2024 ከወንድሙ ጋር የሚያዘጋጀው ፖድካስት የተፈራረመው ውል ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ተዘግቧል። ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚያገኘው ይሄን ነው። ሜዳ ገብቶ በ35 ዓመቱ እየተደበደበ ያገኝ የነበረው በዓመት 17 ሚሊዮን። ለገንዘብ ብሎ የሚኖር ሰው ሶፋውን ነበር የሚመርጠው።

ቁጥር አሳዳጅ ነው የሚለውም አብሮ ተነስቷል። በ2023 መደበኛው ውድድር ሊያልቅ አንድ ጨዋታ ሲቀር ኬልሲ 984 ያርድ ላይ ነበር። 16 ያርድ ቢጨምር ስምንተኛ ተከታታይ የ1,000 ያርድ ዓመቱ ይሆን ነበር። ለእሱ 16 ያርድ የሁለት ኳስ ሥራ ነው። የቺፍስ የጥሎ ማለፍ ቦታ ግን ስለተረጋገጠ በመጨረሻው ጨዋታ ማልያ አልለበሰም። አረፈ።

ያረፈበትም ታየ። ጸሐፊው ጉልበቱ አልቋል ባሉበት በዚያው ዓመት ጥሎ ማለፍ፣ በአራት ጨዋታ 32 ኳስ ቀልቦ 355 ያርድና ሦስት ተችዳውን ሠራ። ባልቲሞር ላይ ብቻ 11 ኳስ ሲቀልብ፣ በጥሎ ማለፍ ብዙ ኳስ በመቅለብ የጄሪ ራይስ የነበረውን የ151 ክብረ ወሰን ሰበረ። ራይስ ማለት በብዙዎች ዘንድ የምንጊዜም ምርጡ ቀላቢ ነው፤ ያውም ዋይድ ሪሲቨር። ሪድን በገፋበት በዚያው ሱፐር ቦውል፣ በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ኳስ ለአንድ ያርድ ብቻ ነበረው። 9 ኳስና 93 ያርድ ይዞ ወጣ።

በ2024 ወርዷል፤ ይሄን የሚክድ የለም። 823 ያርድ፣ ሦስት ተችዳውን። ፊላደልፊያ 40 ለ 22 ባሸነፈበት ሱፐር ቦውል ላይ አራት ኳስ ለ39 ያርድ ነው የቀለበው፤ ደካማ ቀን ነበር። ግን ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 2025፣ ሂዩስተን ቴክሳንስ ላይ በጥሎ ማለፍ ሰባት ኳስ ቀልቦ 117 ያርድና አንድ ተችዳውን ሠርቷል። ጽሑፉ ስለ ፊላደልፊያው ጨዋታ ሁለት ሙሉ አንቀጽ አለው። ስለ ሂዩስተኑ አንድ መስመር የለውም።